ራምፕ የሌለው የምሽት ቤት ፈቃዱ ይታደስ ወይስ አይታደስ? የባሕር ዳር ልጆች ክርክር

የሽምብጥ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ያሉ ላውንጆች፣ ጭፈራ ቤቶች፣ አዝማሪ ቤቶችና ጣና ዳር ያሉ መዝናኛዎች ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መግቢያና መጸዳጃ ቤት ከሌላቸው ፈቃዳቸው ሊታደስ ይገባል? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ዊልቸር መጠቀም ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ልደት ነበርና ጣና ዳር ካለ አንድ ቤት ተቃጠርን። ባንድ አለ፣ የቀረሶ ዓሣ ጥብሱ ሽታ ከሩቅ ይጠራል፣ ከሐይቁ ነፋሻ አየር ይመጣል። መግቢያው ላይ ግን አራት ደረጃ አለ። ሁለት ጥበቃዎች መጡ። ምንም ሳይጠይቁኝ አንዱ ብብቴ ሥር፣ ሌላው እግሬን ይዘው ብድግ አደረጉኝ። የለበስኩት ቀሚስ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፣ ያጨበጨበም ነበር። ልጆቹ በጎ መሥራታቸው ስለሆነ አልተቀየምኳቸውም። ግን ያን ሰዓት እንግዳ መሆኔ ቀርቶ የሚራገፍ ዕቃ ሆንኩ።

ሁለተኛው ነገር ማንም አያየውም። ማታ የምወጣ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ውሃ አልቀምስም። መጸዳጃ ቤቱ እንደማያስገባኝ አውቃለሁና። ጓደኞቼ ድራፍት ሲያጋጩ እኔ አንዲት ለስላሳ ይዤ ከንፈሬን አረጥባለሁ። 3 ሰዓት ሲሆን ደከመኝ ብዬ እነሳለሁ። አልደከመኝም።

ከተማችን እንደ ጎንደር ወይም እንደ ደሴ ዳገት የለባትም። ሜዳ ናት። ለዊልቸር ከዚህ የተሻለ ከተማ የት ይገኛል? ከሽምብጥ እስከ ጊዮርጊስ በራሴ ክንድ እየገፋሁ እሄዳለሁ። የምቆመው ሰው ከሠራው ደረጃ ሥር ነው።

ባለ ግሮሰሪ

እህቴ፣ አንብቤ አንጀቴን በላኝ። በነገሩ እስማማለሁ፤ ፈቃድ ከሚለው ላይ ግን እንለያያለን።

እኔ የምሠራው ድሮ መኖሪያ በነበረ የኪራይ ቤት ነው። ውሌ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። አከራዬ ግድግዳ ላይ ሚስማር ስመታ እንኳ ይቆጣል። ደረጃውን አፍርሼ ራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ብሠራና በዓመቱ ውጣልኝ ቢለኝ ራምፑ የሱ፣ ዕዳው የኔ ሆኖ ይቀራል። ገበያውንም ታውቁታላችሁ። ቱሪስቱ ቀንሷል። በሰዓት እላፊው ጊዜ ገና በጊዜ እየዘጋን ኪራዩን ከኪሳችን ስንከፍል ነበር።

ሌላም ስጋት አለኝ። ፈቃድ ላይ አንድ መስፈርት በተጨመረ ቁጥር እጁን የሚዘረጋ ሰው አብሮ ይጨመራል። ራምፕ የሠራውም ያልሠራውም እኩል ከፍሎ ያልፋል። ያኔ እናንተም አልተጠቀማችሁ፣ እኛም ከሰርን።

የሽምብጥ ልጅ

ወንድሜ፣ አንጀትህ ባይበላህ እመርጣለሁ። በርህ ይስፋልኝ።

ስለ አከራይ ያልከው እውነት ነው። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። እንግዲያውስ ግዴታው ለምን አከራዩንም አይነካውም? ቤቱን ለንግድ ሲያከራይ ከፍ ያለ ኪራይ የሚቀበለው እሱ ነው።

ሳይት መሐንዲስ

በሙያዬ የማውቀውን ላካፍል። ሕጉ ከተጻፈ ቆይቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። በዊልቸር የሚሄዱትን ብቻ አይደለም ያነሳው። በእግራቸው መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የሚያቅታቸውንም ጨምሯል። መጸዳጃ ቤትም በግልጽ ተጽፏል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። የዚያ ስምምነት አንቀጽ 30 የሚናገረው ስለ ባህል፣ ስለ መዝናኛና ስለ ስፖርት ነው። ስለዚህ የእህታችን ጥያቄ ቅንጦት አይደለም።

ባሕር ዳር ውስጥ ደረጃ የሚበዛበትን ምክንያትም ልንገራችሁ። ያው ሜዳ መሆኗ ነው። ውሃ የሚሄድበት ቁልቁለት ስለሌለ ክረምት ላይ ውሃው መንገዱ ላይ ይተኛል። እንዳይገባበት የሚፈራ ሰው ወለሉን ከመንገድ በላይ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ያነሳዋል። ያ ሦስት ደረጃ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አልሠራውም።

መፍትሔው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ራምፕ ማለት ደረጃው ላይ ሲሚንቶ አፍስሶ ማለስለስ አይደለም። የተለመደው ልክ 1 ለ 12 ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት ያስፈልጋል። 45 ሳንቲ የሚወጣ ሰው 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። ከተማው ውስጥ ከበር እስከ እግረኛ መንገድ 2 ሜትር የማያገኝ ቤት ብዙ ነው። ያን ጊዜ ራምፑን በግድግዳው ጎን አስይዞ ማስኬድ ወይም መሀል ላይ ማረፊያ አድርጎ ማጠፍ ይቻላል። ለኪራይ ቤት ደግሞ ብየዳ ቤት ሄዶ ከሸካራ ላሜራ የሚነሳ የብረት ራምፕ ማሠራት ነው። ውልህ ሲያልቅ ይዘኸው ትሄዳለህ።

ባለ ግሮሰሪ

ይዤው መሄዴን አላሰብኩም ነበር። ስንት ይፈጃል?

ሳይት መሐንዲስ

ሳልለካ ዋጋ አልናገርም። የላሜራ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። በርህን አሳየኝ።

እናት ከጊዮርጊስ ሰፈር

ልጆቼ፣ አትቆጡኝና እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። 12 ዓመት የሆነው ልጅ አለኝ፣ አይራመድም። የሚማርበት ክፍል ፎቅ ላይ ስለሆነ ጠዋት አዝዬ አወጣዋለሁ፣ ማታ አዝዬ አወርደዋለሁ። ወገቤ እያለቀ ነው። እሱም ከበደ። ይህን ያህል የሚከራከር አፍ ካለን ለምን ለትምህርት ቤት አንከራከርም? ለጤና ጣቢያ፣ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ? መጠጥ ቤት ቢቀር ሰው አይሞትም። እኔን የሚያስለቅሰኝ የልጄ ትምህርት ነው።

የሽምብጥ ልጅ

እትዬ፣ በእውነት አልቆጣም። እኔንም እናቴ እንዲሁ አዝላኛለች። ለትምህርት ቤቱ በሚጠሩኝ ቀን እመጣለሁ።

ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ልጅዎ ከ8 ዓመት በኋላ 20 ይሆነዋል። ጓደኞቹ ቅዳሜ ማታ ተጠራርተው ይወጣሉ። መጀመሪያ ና ይሉታል። ሦስት ጊዜ ደረጃ ከመለሰው በኋላ መጥራቱን ይተዉታል። ክፋት ስላላቸው ሳይሆን እሱን ላለማሳፈር ብለው ነው። ሰው የሚተዋወቀው፣ የሚዋደደው፣ ሥራ የሚጠቋቆመው ደግሞ ማታ ሲቀመጥ ነው። እኔ አሁን ያለሁበትን ሥራ በማስታወቂያ አላገኘሁትም። አንድ ማታ አጠገቤ ከተቀመጠች ልጅ ጋር ስንጫወት ነው የነገረችኝ። በዚያ ቤት ደረጃ አልነበረም።

እናት ከጊዮርጊስ ሰፈር

ስለ ጓደኞቹ ያልሽው አስተኝቶኝ አያድርም። እንዲህ አስቤው አላውቅም። ቢሆንም መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ብዬ እጸናለሁ።

መምህር ከፔዳ አካባቢ

ክርክሩ ደረጃ ላይ ብቻ ከቆመ እኔ የለሁበትም። ዓይነ ስውር ነኝ። ደረጃ አይከብደኝም።

የኔ ችግር የሚጀምረው በር ላይ ነው። "ከማን ጋር ነህ?" ይሉኛል። ብቻዬን ነኝ ስል ሰው እስኪመጣ ቁም የተባልኩበት ቀን አለ። ሒሳብ ሲመጣ ደረሰኙን አጠገቤ ላለው ሰው ያነቡለታል። ገንዘቡን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ። አስተናጋጁ ለምን ለኔ አይነግረኝም?

አዝማሪ ቤት በጣም እወዳለሁ። ጥሩ ግጥም የሚሰማበት ሌላ ቦታ የለም። አንድ ማታ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊቴ ቆመና እንዲህ አለ፦

*ብርሃን ቢነሣው ልቡን አበራለት፣*
*ወገኔ እዘኑለት እጃችሁን ዘርጉለት።*

ሰው ተነሣና መዳፌ ውስጥ ብር ያስቀምጥ ጀመር። እኔ ለአዝማሪው ልሸልም ኪሴ ውስጥ ያዘጋጀሁት ብር ነበር። እጄ ላይ የሰው ምጽዋት፣ ኪሴ ውስጥ የራሴ ደመወዝ። ትንሽ ቆየሁና ጠርቼው ግጥም ተቀበለኝ አልኩት፦

*ዓይን ባልታደልም ብር አለኝ በኪሴ፣*
*ፍቅር ፍቅሩን ዝፈን ተው አትዘን ለነፍሴ።*

ተቀበለኝ። በሚገባ ተቀበለኝ። ይቅርታ ጠይቆኝም ሳይበቃው ስለ ፍቅር እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወተልኝ። ከዚያ ወዲህ ስገባ በድምፄ ያውቀኛል፤ ወንበሬን ይነግረኛል፤ ማንም አያዝንልኝም። ይህ ለውጥ ሲሚንቶ አላስወጣም። ስለዚህ የፈቃድ መስፈርት ይውጣ ከተባለ የአስተናጋጅና የጥበቃ ሥልጠና ከራምፑ በፊት ይግባልኝ። ደረጃውን ደልድሎ በር ላይ "ከማን ጋር ነህ?" የሚል ቤት ለኔ ያው ዝግ ቤት ነው።

ባለ ክራንች

መምህር፣ እውነትዎን ነው። እኔ ከጦርነቱ ወዲህ ነው በክራንች የምሄደው። እንደኔ ያለ ወጣት በየሰፈሩ በዝቷል፣ ታዩታላችሁ። የኔ ጠላት ሴራሚኩ ነው። የሚያብለጨልጨው ወለል ላይ ድራፍት ሲፈስ ክራንቹ ይሸሻል። ወድቄ አውቃለሁ። ሰው ሰከረ አለኝ። ሸካራ ምንጣፍ ከበሩ እስከ ወንበሩ ቢዘረጋ ለኔ በቂ ነው።

የምልክት ቋንቋ ተናጋሪ

መስማት የተሳነኝ ነኝ። ሰው ጭፈራ ቤት ምን ታደርጊያለሽ ይለኛል። ከበሮው በወለሉ በኩል ይመጣል፣ በእግሬ ገብቶ ደረቴ ላይ ይመታል። እስክስታ ከማንም አላንስም።

የምቸገረው በመብራት ነው። ቤቱ ሲጨልም እኛ ዝም እንላለን። እጅ ካልታየ ወሬ የለም። አንድ ጥግ ላይ ደህና መብራት ይኑር፣ ሌላው ይጨልም። የመጠጡ ዝርዝር በጽሑፍ ይሁን፣ ዋጋው ይጻፍበት። በጣቴ አሳይቼ አዛለሁ።

ደግሞ ማታ ስወጣ ጥበቃ ከኋላ ጠርቶኝ አልሰማሁትም። ጥዬው የሄድኩ መስሎት ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። በጣም ደነገጥኩ። መምህር ያሉት ሥልጠና እኛንም ይመለከታል።

ባጃጅ ነጂ

እኔ የማውቀው ከበሩ ውጪ ያለውን ነው። ዊልቸር የሚታጠፍ ከሆነ ከኋላ አስሬ እወስዳለሁ። ያላጠፍኩት ቀን የለም። ማታ ግን አንዳንዱ ነጂ ዊልቸር ሲያይ ኮንትራቱን እጥፍ ይጠራል፣ ይህ ነውር ነው። ሌላው ጣና ዳር ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ነው። ጠጠርና ሣር ነው። ፊተኛዋ ትንሽ ጎማ ትሰምጣለች። በሩ ድረስ አድርሼ እንኳ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሌላ ጉዞ አለ። ሐይቁ አጠገብ ያሉት ሰፊ ግቢ አላቸው፣ ቦታ የለኝም ማለት አይችሉም። በነሱ ይጀመር።

የሽምብጥ ልጅ

ባጃጅ ነጂው በነሱ ይጀመር ያልከው ልክ ነው። ሐሳቤን ላስተካክል። ሁሉም በአንድ ቀን ይታገድ የሚለውን ትቻለሁ። የራሳቸው ግቢና የራሳቸው ሕንፃ ያላቸው፣ አዲስ የሚገነቡትም፣ አሁኑኑ ይገደዱ። ለነሱ አዋጁ የወጣው በ2001 ነው፤ አላወቅንም ማለት አይችሉም። ኪራይ ቤት ያሉት የአንድ እድሳት ጊዜ ይሰጣቸው፣ የሚነሳ ራምፕም ይቆጠርላቸው። ሥልጠናው ግን ለሁሉም ከዛሬ ይጀመር፣ ገንዘብ አይጠይቅምና። ጉቦ ለተባለው ደግሞ ተቆጣጣሪው ብቻውን አይሂድ። ከኛ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። እኔ በዊልቸሬ ገብቼ ካልወጣሁ ወረቀቱ ላይ ምንም ቢጻፍ ቤቱ አላለፈም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2016 ግንቦት ጀምሮ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ማታ ማታ እወጣለሁ። 380 ሜትር ነው። መብራት አለ፣ ሰው ይርመሰመሳል፣ ፎቶ ይነሳል። ጫፍ እስከ ጫፍ ማንም ሳይሸከመኝ እሄዳለሁ። የሰው ትከሻ ይነካኛል፣ ይቅርታ ይለኛል፣ ያልፋል። እዚያ ላይ የሚያጨበጭብልኝ የለም። ቅዳሜ ማታ እንደዚያ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው።

ባለ ግሮሰሪ

በአንድ እድሳት ጊዜው እስማማለሁ። አብሮ የሚሄደው ሰው ላይም እስማማለሁ። አከራዩ በሕግ ካልተነካ ግን አሁንም ግማሽ ሸክሙ በኔ ላይ ነው፣ ይህን አልለቅም።

ሜትር አምጥቼ መጸዳጃ ቤቱን ለክቼዋለሁ። በሩ 61 ሳንቲ ነው። ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ያንቺ ዊልቸር ስንት ነው?

የሽምብጥ ልጅ

ጎማ እስከ ጎማ 66።

ሳይት መሐንዲስ

ግድግዳው ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ?

ባለ ግሮሰሪ

ብሎኬት። ኮለን፣ ማለትም ምሰሶ፣ የለበትም።

ሳይት መሐንዲስ

እንግዲያው እስከ 90 ይሰፋል፤ በሩም ወደ ውጭ እንዲከፈት ይዞራል። የሁለት ቀን ሥራ ነው። አከራይህን ግን አንተ አናግረው።

ባለ ግሮሰሪ

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ እሄዳለሁ። እህቴ፣ አብረሽኝ ብትመጪ ጥሩ ነበር። የሱ ቤት መግቢያ ደረጃ የለውም፣ አይቼዋለሁ።