ለበቆሎ ጥበቃ አሮጌ ምንሽር መግዛት

ሰላም ወገኖች። እርሻዬ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነው። በቆሎው ማሸት ሲጀምር ሌሊት ጃርትና ከርከሮ ይገቡበታል። ከርከሮው ይብሳል፤ ከሚበላው የሚሰባብረው ይበልጣል። በእሾህ አጠርን፣ ማማ ላይ አደርን፣ ቆርቆሮ መታን፣ ውሻ አሰርን። ለጥቂት ቀን ይሸሻል፤ ከዚያ ይለምደዋል። (ጉማሬም ይወጣል፤ እሱ ላይ ግን መተኮስ አላስብም።)

አሁን አንድ ጎረቤት ፈቃድ ያለው ምንሽር በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለሚያስጠይቅ፣ ወረቀቱ በሕግ ሳያልቅ አልረከብም።

የጨነቀኝ መሣሪያው ራሱ ነው። ሰደፉም ቃታውም ደህና ናቸው። በርሜሉን ወደ ብርሃን አድርጌ ሳየው ግን ጥይት በሚጎርስበት በኩል ጥይቱን እያሾረ ቀጥ አድርጎ የሚልከው ጠመዝማዛ መስመር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ወደ አፈሙዙ ሲጠጋ ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል። ባለቤቱ ከ50 እርምጃ ዒላማ ላይ ሲተኩስ ጥይቶቹ ተበታተኑ። «ጥይቱ ስላረጀ ነው» ይላል። እውነትም የቆየ ነው፤ አዲሱ ደግሞ እንደ ክላሽ ጥይት በቀላሉ አይገኝም። በጨለማ አቁስሎ መልቀቅ በጣም ያስፈራኛል። የቆሰለ ከርከሮ ሰው ላይ ይዞራል፤ አጠገባችንም ሌሎች ማሳ ጠባቂዎች ያድራሉ።

ምንሽር በደንብ የምታውቁ፣ አፈሙዙ እንዲህ ተበልቶ እያለ በአዲስ ጥይት ይስተካከላል ብዬ ልግዛው ወይስ ልተወው?