ሺንቶ ሃይማኖት ነው ወይስ ልማድ? የ7,663 የን ክርክር

ጥያቄ አቅራቢው፦ በ1965 የጃፓኗ ጹ ከተማ አስተዳደር ጂምናዚየም (የስፖርት አዳራሽ) ሊያሠራ የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) ካህናት ጠርቶ መሬቱን አስባረከ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወጪው 7,663 የን ከከተማው ካዝና ተከፈለ። አንድ የከተማው ምክር ቤት አባል ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 በ10 ለ5 ድምፅ ሥርዓቱ ማኅበራዊ ልማድ ስለሆነ መንግሥትንና ሃይማኖትን የሚለየውን ሕገ መንግሥት አይጥስም አለ። ፍርዱ ትክክል ነበር?

ናጎያ (የጃፓን ከተማ) የኖረችው፦ ትክክል ነበር። ከቤቴ ፊት ለፊት ሕንፃ ሲጀመር አይቻለሁ። አራት ቀርከሃ ተተክሎ በገመድ ተከበበ፤ ሩዝ፣ ጨውና የሩዝ መጠጥ ቀረበ፤ ካህኑ ነጭ ወረቀት የተንጠለጠለበትን ዘንግ አወዛወዘ፤ ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ጎረቤቴን «ታምናለህ?» ብዬ ብጠይቀው ጥያቄው ራሱ አልገባውም። ሺንቶ መሥራች ነቢይ የለውም፤ የሚደገም የእምነት ጸሎት የለውም። ካሚ የሚሏቸው መናፍስት በተራራው፣ በፏፏቴው፣ ባረጀው ዛፍ ያድራሉ፤ «ስምንት ሚሊዮን» የሚሏቸው ስፍር ቁጥር የላቸውም ለማለት ነው። ዋናው ነገር መንጻት ነው፤ መቅደስ የሚገባ ሰው እጁንና አፉን ይታጠባል። መሬትን ሳያስፈቅዱ መቆፈር ለእነሱ ነውር ነው። ይህንን ከጃፓን ኑሮ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

የሕግ ተማሪው፦ እህቴ፣ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፤ የሚያስፈራኝ ግን «ሃይማኖት አይደለም» የሚለው ቃል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው መንግሥት የመቅደስ ስግደት የዜግነት ግዴታ እንጂ ሃይማኖት አይደለም ይል ነበር። በ1932 በቶኪዮ የሶፊያ ዩኒቨርሲቲ ካቶሊክ ተማሪዎች በጦርነት የሞቱት በሚከበሩበት በያሱኩኒ መቅደስ አንሰግድም አሉ፤ ከሠራዊቱ የመጣው ቁጣ ዩኒቨርሲቲውን አናወጠው። የተሰጣቸው መልስም ያው ነበር፤ የአገር ፍቅር መግለጫ ነው፣ ስገዱ። በታኅሣሥ 1945 መንግሥትና መቅደስ የተለያዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ናጎያ የኖረችው፦ ወንድሜ፣ እሱ የመንግሥት ሺንቶ ነው። የሰፈሩ መቅደስ ምን አጠፋ? ሰው ሕፃኑን ሊያስባርክ፣ ለአዲስ ዓመት ሊጸልይ ይሄዳል፤ ሲሞት በቡድሃ ሥርዓት ይቀበራል። ማንም ማንንም አያስገድድም።

የሕግ ተማሪው፦ ያስገድዳል። የራስ መከላከያ ኃይል (የዛሬው የጃፓን ጦር) ባልደረባ የነበረ ሰው በ1968 በመኪና አደጋ ሞተ። ክርስቲያን ሚስቱ እየተቃወመች በያማጉቺ በሚገኝ መቅደስ እንደ ካሚ እንዲመለክ ተደረገ። ከሰሰች፤ በመጨረሻ በ1988 ተፈረደባት። መቅደሱም የእምነት ነፃነት አለውና ታገሺ ተባለች። አንዲት መበለት ብቻዋን ሆና የብዙኃኑን ልማድ እንድትታገሥ መጠየቅ አያሳዝንም?

ሌላ ተሳታፊ፦ ስለ ኢሴ ታላቁ መቅደስ ላንሣ። በየሃያ ዓመቱ አጠገቡ ባለው ቦታ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የመጨረሻው በ2013 ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ወጪው የሚሸፈነው በመዋጮ ነው። ከሁሉ የከበረው መቅደስ ያለ መንግሥት ገንዘብ ከቆመ፣ የአንድ ጂምናዚየም መሬት ቡራኬ ለምን አቃተው? ደግሞ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1997 የኤሂሜ ግዛት አስተዳደር ለያሱኩኒ የሰጠውን ገንዘብ ሕገ ወጥ ብሎታል።

ናጎያ የኖረችው፦ የመበለቷን ነገር አላውቅም ነበር፤ ከልቤ አዘንኩ። ስለ ገንዘቡ ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ተቋራጩ ይክፈል። ካህኑ ግን ይምጣ።

የሕግ ተማሪው፦ ከተሰለፉት የከተማው ሠራተኞች አንዱ አንገቴን አልደፋም ቢልስ?

ናጎያ የኖረችው፦ ከገመዱ ውጭ ይቁም፤ አለቃውም ለምን ብሎ አይጠይቀው።