የኢሜይል ክላይንት ላይ ካሽ የሚጨምር ፑል ሪኩዌስት ሪቪው እያረግኩ ነው፣ ከምን ልጀምር?

ሰብለ_ዴቭ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። እኛ ቢሮ ለራሳችን የምንጠቀምበት ትንሽ የኢሜይል ክላይንት አለ፣ በፓይተን የተጻፈ፣ በአይማፕ (ደብዳቤን ከሰርቨር ማንበቢያ ፕሮቶኮል) ከሰርቨሩ ጋር የሚያወራ። እስካሁን ካሽ፣ ማለት ያወረደውን እዛው ማሽኑ ላይ የሚያቆይበት ቦታ፣ አልነበረውም፣ አንድ ደብዳቤ ስትከፍቱ ሙሉውን ያወርዳል፣ ዘግታችሁ ስትመለሱ እንደገና ያወርዳል። ቢሮ ዋይፋይ ላይ ያን ያህል አይታወቅም፣ ፊልድ የሚወጡት ልጆች ግን የስልካቸውን ዳታ ሆትስፖት ከፍተው ነው የሚሠሩት እና ኔትወርኩ ሲደክም ኢንቦክስ ለመክፈት ይቸገራሉ፣ ፓኬጁም በአንድ ከሰዓት ያልቅባቸዋል።

አሁን አንድ ሲኒየር ባልደረባችን ካሽ ጨምሮበት ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን አይታችሁ አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ከፈተ፣ ወደ 1,400 መስመር ነው፣ ሪቪወር ያረገው ደሞ እኔን ነው። ላኪውን፣ ርዕሱን፣ ቀኑንና ተነቧል አልተነበበም የሚለውን ኤስኪውላይት (አንድ ፋይል የሆነ ትንሽ ዳታቤዝ) ውስጥ ያስቀምጣል፣ የደብዳቤውን አካል ደሞ በየፎልደሩ ስም ዳይሬክቶሪ ከፍቶ ፋይል አርጎ ይጽፈዋል፣ የፋይሉ ስም ዩአይዲው ነው፣ ሰርቨሩ በፎልደሩ ውስጥ ለደብዳቤው የሚሰጠው ቁጥር። ሞከርኩት፣ በጣም ፈጣን ነው፣ ቴስቶቹም ሁሉም አልፈዋል። ችግሩ ምን መፈለግ እንዳለብኝ አላቅም። ኮዱ ንጹህ ነው፣ የቫሪያብል ስም ምናምን ላይ ኮሜንት ከመስጠት ውጪ ምንም አልታየኝም፣ ዝም ብዬ አፕሩቭ እንዳላረገው ደሞ ልቤ እምቢ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ይሉኝታም ይዞኛል፣ ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው። እናንተ ካሽ ያለበት ኮድ ሲመጣላችሁ ምኑን ነው መጀመሪያ የምታዩት?


የሌሊት_ፈረቃ

እህቴ ፍጥነቱን ለጊዜው ተይው፣ ካሽ መጀመሪያ ቀን ሁሌም ፈጣን ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣልኝ ኮዱን ከማንበቤ በፊት ወረቀት አወጣና የሚቀመጠውን ነገር ሁሉ አንድ ባንድ እጽፋለሁ፣ ከዛ ከያንዳንዱ ጎን ይሄ ነገር መቼ ነው ውሸት የሚሆነው፣ ውሸት ሲሆንስ ኮዱ በምን ያውቃል ብዬ እጠይቃለሁ። ለሁለተኛው መልስ ያጣሁለት ነገር ባግ ነው፣ ቴስቱ አለፈም አላለፈም።

ካንቺ ጽሑፍ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ቁልፉ ነው፣ ካሹ አንዱን ደብዳቤ ከሌላው የሚለይበት። የፎልደር ስም እና ዩአይዲ ብቻ ነው ያልሽው አይደል? አይበቃም። አይማፕ ላይ እያንዳንዱ ፎልደር ዩአይዲቫሊዲቲ የሚባል ቁጥር አለው፣ ፎልደሩን ሴሌክት ስታረጊ ሰርቨሩ ይነግርሻል። ቁጥሩ እስካልተቀየረ ድረስ የያዝሻቸው ዩአይዲዎች ያው ናቸው፣ ከተቀየረ ግን ለዛ ፎልደር ያስቀመጥሽውን በሙሉ መጣል አለብሽ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአይማፕ ደንብ፣ አርኤፍሲ 3501፣ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፣ በ2021 የወጣው 9051ም ይሄን አልቀየረውም። የሚቀየረው አንድ ሰው ፎልደር አጥፍቶ በዛው ስም ሌላ ሲፈጥር ነው፣ ሰርቨር ሲዛወር ወይ ከባካፕ ሲመለስም ሊቀየር ይችላል።

ይሄን የማቀው ደርሶብኝ ነው። ድሮ የምሠራበት ቦታ ሜይል ሰርቨሩን ወደ ሌላ ማሽን አዛወርነው፣ ቅዳሜ ሌሊት ጨርሰን ሄድን፣ ሰኞ ጠዋት የፋይናንሷ ልጅ ደወለች። «የጨረታ ሰነድ» የሚል ርዕስ ትከፍታለች፣ ውስጡ ያለው ግን አምና አንድ ሠራተኛ የላከላት የዓመት ፈቃድ ጥያቄ ነው። ክላይንቱ ርዕሱን ከአዲሱ ሰርቨር እያመጣ አካሉን ከድሮው ካሽ እያወጣ አንድ ላይ ገጥሞ ነበር የሚያሳያት። ኤረር የለም፣ ሎግ ላይ ምንም የለም፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ደብዳቤ ሳይከፈት ከቀረ ሰው ይደውላል፣ የተሳሳተ ደብዳቤ ሲከፈት ግን ሰው አምኖበት መልስ ይሰጥበታል፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

እንዲህ ሞክሪው፣ ዶቭኮትን (የአይማፕ ሰርቨር ነው) በዶከር ማሽንሽ ላይ ለብቻው አስነሺ፣ አንድ ፎልደር ፍጠሪና 3 ደብዳቤ አስገቢ፣ በክላይንቱ ሁሉንም ክፈቻቸው። ከዛ ፎልደሩን አጥፊና በዛው ስም እንደገና ፈጥረሽ ሌላ 3 ደብዳቤ አስገቢበት። ዩአይዲው ከ1 ይጀምራል። ክላይንቱን ክፈቺና የሚያሳይሽን እይ።


አቃለው_24

ለምን ታከብዱታላችሁ ጓዶች፣ ቲቲኤል (የካሹን ዕድሜ) 24 ሰዓት አርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ቢበዛ አንድ ቀን ያረጀ ነገር ብታዩ ነው። በየቀኑ ራሱ ይታደሳል።


ፋጡማ_ባክኤንድ

@አቃለው_24 ወንድሜ ቲቲኤል እዚህ ቦታ በሁለቱም በኩል ያስከፍላል። የደብዳቤው አካል እኮ አንዴ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ አይቀየርም፣ ያው ዩአይዲቫሊዲቲ ያው ዩአይዲ ከሆነ ዓመት ቢቆይም ትክክል ነው፣ በየቀኑ ጥሎ እንደገና ማውረድ ፊልድ ያሉትን ልጆች ፓኬጅ በከንቱ መጨረስ ነው። ፍላጉ፣ ተነቧል አልተነበበም የሚለው፣ ደሞ በተቃራኒው በሰከንድ ይቀየራል፣ በስልኬ ያነበብኩትን ደብዳቤ ኮምፒውተሬ እስከ ነገ ያልተነበበ ብሎ ቢያሳየኝ ክላይንቱን አላምነውም። ስለዚ ሁለቱን በአንድ ዕድሜ ማስተዳደር አይቻልም።

ሰብለ፣ አካሉ ላይ የሌሊት_ፈረቃ ያለው በቂ ነው፣ አንቺ ፍላጉ ላይ አተኩሪ። ሰርቨራችሁ ኮንድስቶር የሚባለውን የአይማፕ ተጨማሪ ይደግፋል? የሚደግፍ ከሆነ ሰርቨሩ ሃይየስት ሞድሴክ የሚባል ቁጥር ይሰጣል፣ እሱን አስቀምጠሽ በሚቀጥለው ጊዜ «ከዚህ ቁጥር ወዲህ የተቀየረውን ብቻ ስጠኝ» ትይዋለሽ፣ ለደካማ ኔትወርክ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። አርኤፍሲ 7162 አንብቢው። ግን ተጠንቀቂ፣ ኮንድስቶር ብቻውን የተሰረዘ ደብዳቤ አይነግርሽም፣ እሱን የሚነግርሽ ኪውሪሲንክ የሚባለው ሌላ ተጨማሪ ነው፣ ከሌለ የዩአይዲዎቹን ዝርዝር ጠይቀሽ ካንቺው ጋር ማነጻጸር ነው ያለሽ አማራጭ። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳና ሰርቨር ላይ የተሰረዘ ደብዳቤ ክላይንቱ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ሌላ አንድ ቦታ አሁኑኑ ሄደሽ እይ። ካሹ ቀድሞ የሚያወርድ ከሆነ፣ ማለት ተጠቃሚው ሳይከፍት ከጀርባ የሚያመጣ ከሆነ፣ ፌች የሚለው የማውረጃ ትእዛዝ ላይ ቦዲ ነው ወይስ ቦዲ ነጥብ ፒክ የተጻፈው? ያለ ፒክ ከሆነ ሰርቨሩ ደብዳቤውን እንደተነበበ ይቆጥረዋል። ሰውየው ጠዋት ሲገባ 40 አዲስ ደብዳቤ ሁሉም ተነበበ ብሎ ይጠብቀዋል፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ በምንም ሊያውቅ አይችልም።


ሰብለ_ዴቭ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ከማሽኔ ፊት ሆኜ ነው የምጽፈው። የፎልደሩን ሙከራ አረግኩት። ልክ እንዳልከው ነው፣ ርዕሱ የአዲሱ፣ ውስጡ የድሮው። ስክሪኑን ሳየው ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ያለምንም ኤረር ነው ያሳየኝ። ፋጡማ አንቺ ያልሽውን ደሞ ፈለግኩት፣ ስትከፍቺው የሚያወርደው ቦታ ላይ ፒክ አለው፣ ከጀርባ ቀድሞ የሚያወርደው ፈንክሽን ላይ ግን የለውም። ሁለት ቦታ ተጽፎ አንዱ ተረስቷል። እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር አልታየኝም።


ጎንደሬው_ሲስ

ፋይሉ ላይ ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁ ይሄ ያለ የሌለ ነገር ሳይሆን በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነው። ፋይሉን በቀጥታ በመጨረሻ ስሙ የሚጽፈው ከሆነ ግማሹ ተጽፎ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካሹ «አለኝ» ብሎ ግማሽ ደብዳቤ ያሳያል፣ ለዘላለም። ትክክለኛው በጊዜያዊ ስም ጽፎ ኤፍሲንክ አርጎ (ዲስኩ ላይ መጻፉን አረጋግጦ) ከዛ ወደ ዋናው ስም ሪኔም ማረግ ነው፣ ሁለቱም ፋይሎች ግን አንድ ፋይል ሲስተም ላይ መሆን አለባቸው። ኔትወርክ ሲቆረጥም ያው ነው፣ አይማፕ የሚላከውን ባይት ብዛት አስቀድሞ ይናገራል፣ የደረሰው ከዛ ካነሰ ወደ ካሽ አይግባ።

የዳይሬክቶሪው ስምም አሳስቦኛል። የፎልደር ስም ከሰርቨር የሚመጣ ነገር ነው፣ ውስጡ ሁለት ነጥብና ስላሽ (../) ያለበት ስም ቢመጣ ፋይሉ ከካሹ ዳይሬክቶሪ ውጪ ሄዶ ሊጻፍ ይችላል። ለዛ ብሎ በፐርሰንት ኢንኮዲንግ (ባይቱን በ% እና በሁለት ካራክተር መጻፍ) ከሠራው ደሞ አማርኛ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ አንድ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፣ በፐርሰንት ሲጻፍ 9 ካራክተር ይሆናል፣ ኤክስት4 (የሊነክስ ፋይል ሲስተም) ላይ ደሞ የአንድ ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው። «የ2016 በጀት ዓመት የግዢ ጥያቄዎች እና የክፍያ ደብዳቤዎች» የሚል ፎልደር ብትፈጥሪ ቆጥሬዋለሁ 268 ይሆናል፣ ዳይሬክቶሪው አይከፈትም። በእንግሊዝኛ ኢንቦክስ ብቻ ቴስት ያረገ ሰው ይሄን መቼም አያየውም። ስሙን በኤስኤችኤ 256 ሃሽ አርጎ (ስሙ ቢረዝምም ቢያጥርም ርዝመቱ እኩል ወደሆነ ኮድ ቀይሮ) 64 ካራክተር ማረግ ይሻላል፣ እውነተኛው ስም ኤስኪውላይቱ ውስጥ ይቀመጥ።

እና ፐርሚሽኑን እዪ፣ 0600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ካልሆነ በአንድ ማሽን ሁለት ሦስት ሰው በየራሱ አካውንት የሚገባበት ቢሮ የአንዱን ደብዳቤ ሌላው ያነባል። ሎግአውት ሲደረግስ ካሹ ይጠፋል?


የሌሊት_ፈረቃ

ጎንደሬው ያለው ሁሉ ልክ ነው። ሰብለ ስለ ይሉኝታው አንድ ነገር ልበልሽ። «ኮድህ ተሳስቷል» ብለሽ አትጻፊ፣ ያረግሽውን ሙከራ ደረጃ በደረጃ ጻፊው፣ ምን አረግሽ፣ ምን ታየሽ፣ ስክሪንሾቱን ለጥፊ። በዛ መልክ ሲቀርብለት የሚከፋ ሲኒየር ብዙ አላየሁም፣ ራሱ አስነስቶ ያየዋላ። ከፈለግሽ መጀመሪያ በአካል ሄደሽ አሳዪው፣ ከዛ ፑል ሪኩዌስቱ ላይ ጻፊው፣ በሰው ፊት ያረግሽበት አይመስልም። ዝም ብለሽ ካለፍሽው ግን የምታከብሪውን ሰው ነው የጎዳሽው፣ ሰኞ ጠዋት የሚደወለው ለሱ ነው።


ሰብለ_ዴቭ

ተመልሻለሁ። ወረቀት አውጥቼ የሚቀመጠውን ሁሉ ስጽፍ አምስተኛ መስመር ላይ ማናችሁም ያላነሳችሁት ነገር መጣ፣ እኔም ገና ስጠይቅ አልጻፍኩትም ነበር ምክንያቱም ካሽ አልመሰለኝም። ኔትወርክ ሳይኖር የተጻፈ ደብዳቤ እስኪላክ ድረስ የሚጠብቅበት ቦታ፣ አውትቦክሱ፣ እዛው ኤስኪውላይት ፋይል ውስጥ ነው። ሴቲንግ ላይ ደሞ «ካሽ አጽዳ» የሚል በተን ጨምሯል፣ በተኑ ፋይሉን እንዳለ ነው የሚያጠፋው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ከሰርቨር ይመጣል፣ ያልተላከ ደብዳቤ ግን ሌላ ቦታ የለም። ፊልድ ያለ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ጽፎ፣ ማታ ዲስክ ሞላ ሲለው ያን በተን ቢጫነው ሪፖርቱ አብሮ ይሄዳል።

እንደተባልኩት በአካል ሄጄ ነው ያሳየሁት። ፎልደሩን አጥፍቼ ስፈጥረው ዝም ብሎ አየ፣ አውትቦክሱን ሳሳየው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ «ይሄን ማንም አያገኘውም ነበር» አለኝና አንድ ሰዓት ያህል አብረን ሠራን። ፑል ሪኩዌስቱን ለሦስት ከፍሎታል፣ መጀመሪያ አውትቦክሱ ካሽ ከማይነካው ዳይሬክቶሪ ይገባል፣ ቀጥሎ ሄደሩ (ላኪው፣ ርዕሱ፣ ቀኑ) ከነ ዩአይዲቫሊዲቲው፣ አካሉና ቀድሞ ማውረዱ መጨረሻ። የፎልደሩን ሙከራ እኔ ወደ ቴስት እየቀየርኩት ነው። ሰርቨራችን ኮንድስቶር አለው፣ ኪውሪሲንክ የለውም፣ ስለዚ ፋጡማ ያልሽውን የተሰረዘ ደብዳቤ ነገር ነገ ጠዋት በስልኬ አንድ ደብዳቤ ሰርዤ አየዋለሁ።