አልሚው ግንቡንና መንገዱን «የጎረቤት መሬት እስኪጸድቅ ላዘግይ» ብሏል፤ እንፈርም ወይ?

የካዛንቺሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ግንባታና ስለ መሬት የምታውቁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ቸኩያለሁም። ወረዳው አስተያየታችሁን በጽሑፍ አስገቡ ብሎናል።

ቤታችን ካዛንቺስ ነው፣ ወደ ኡራኤል በሚወስደው በኩል። በ2017 ብዙው ሰፈር ሲነሳ እኛ ጥቂት አባወራዎች ቀረን። ከግቢያችን በላይ አንድ አልሚ ባለ 12 ፎቅ ሕንጻ እየሠራ ነው። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጠው ሁለት ግዴታ ገብቷል። በኛ ወሰን በኩል የድጋፍ ግንብ ከነውሃ መውረጃው ይሠራል። በሕንጻው ጀርባ ደግሞ 8 ሜትር መንገድ ከፍቶ ከዋናው ጋር ያገናኛል። ሁለቱም ሕንጻው አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው።

አሁን ሁለቱንም ላዘግይ ብሎ አመልክቷል። ምክንያቱ ከጎኑ ያለው ባዶ መሬት ነው። መሬቱ በፕላኑ ላይ ለመኖሪያ የተያዘ ነው። ባለይዞታው ወደ ቅይጥ አገልግሎት እንዲቀየርለት ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው። ከተፈቀደለት የጀርባው መንገድ ሰፍቶ ወደዚያ መሬት ይጠጋል፣ ግንቡም ቦታውን ይቀይራል። «ዛሬ የሠራሁትን ነገ ላፍርሰው?» ነው የሚሉን።

እውነት ለመናገር ነገሩ ይገባኛል። አስፋልት በተነጠፈ ማግስት ለቱቦ ሲቆፈር ያላየ አዲስ አበቤ የለም። ተሠርቶ የሚፈርስ ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ጎረቤት መሆናችንም አይቀርም፤ ሕንጻው ሲያልቅ ሰው ይገባበታል፣ ሱቅ ይከፈትበታል፣ ለሰፈሩም ይጠቅማል።

የሚያስጨንቀኝ ክረምቱ ነው። ባለፈው ነሐሴ ከቁፋሮው የወረደው ውሃ ጭቃውን ይዞ በቆርቆሮው አጥር ስር ገባ። በኩሽናው ደጃፍ የደረደርነውን የአሸዋ ማዳበሪያ አልፎ ምጣዱ ሥር ደረሰ። ከኛ ቀጥሎ ያሉት እናት ቤታቸው የጭቃ ቤት ነው። ልስኑ እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ ተላቀቀ። ዛሬም ጭዱ በግልጽ ይታያል፤ ግድግዳውን በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። እሳቸው ደግሞ ሌላ የሚሄዱበት ቤት የላቸውም።

ከአልሚው በኩል የሚያነጋግረን ልጅ ትሁት ነው፣ አክብሮ ነው የሚመልስልን። «የመሬቱ ጉዳይ እስኪጸድቅ ብቻ ነው» ይላል። መቼ ይጸድቃል ስንለው «እሱ በኛ እጅ አይደለም» ይላል። እኔ እዚህ ጋ ነው የማልስማማው። በሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ ተንጠልጥሎ ቀን የሌለው ነገር እንዴት ይፈረማል? ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግስ? ባለይዞታው ሐሳቡን ቢቀይርስ? ፎቁ አልቆ ሰው ከገባ በኋላ ግንብ ልሥራ ብሎ ማን ይመለሳል?

እንዲህ ያለ ማዘግየት በሕግ ያስኬዳል? ካስኬደስ ምን እንዲጻፍልን እንጠይቅ? ወይስ በደፈናው «አንፈርምም» ብንል ይሻላል?

ሳይት ላይ የዋለ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ሥራዎች ለያዩዋቸው። ማመልከቻው አንድ ላይ የጠቀለላቸው ለአልሚው ስለሚመች ነው።

መንገዱ ቢዘገይ ችግር የለውም። አቅጣጫውና ከፍታው ሳይታወቅ ሰሌክት፣ ማለትም ለመንገድ መሠረት የሚሆን አፈርና ጠጠር፣ መድፋት እውነትም ብክነት ነው። ግንቡ ግን ከመንገዱ ጋር የሚጠብቅ አይደለም። መሬቱ ከተቆፈረበት ቀን ጀምሮ አፈሩን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። የሕንጻ አዋጁም ግንባታ ሲካሄድ የአካባቢው ሰውና ንብረት እንዳይጎዳ ጥንቃቄ ይደረግ ይላል። ይሄ በማንም መሬት መጽደቅ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይደለም።

ቋሚው ቦታው እስኪታወቅ ጋቢዮን ይሥሩ፣ በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ ማለት ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ አፈር ይይዛል። በኋላ ቢነሳ እንኳ ድንጋዩ ሌላ ቦታ ይገባል፣ ስለዚህ «ላፍርሰው?» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። ግንብን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከጀርባው የሚጠራቀም ውሃ ነው። ቋሚው ሲሠራ ከጀርባው ጠጠር መሞላቱን፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳ መተዉን በዓይናችሁ እዩ።

ከጋቢዮኑ በላይ በወሰኑ ሙሉ ርዝመት ቦይ ይቆፈር። ቦዩ መጨረሻው ላይ ጭቃ የሚያርፍበት ጉድጓድ ይኑረው። ይሄ ከተረሳ አንድ ጠንካራ ዝናብ ይደፍነዋል፣ ከዚያ በኋላ ቦይ አለን ማለት ዋጋ የለውም። የተቆለለው አፈርም ከወሰኑ ይራቅ። ሁሉም ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት።

የካዛንቺሷ፦

ወንድሜ ተባረክ። ጋቢዮን የሚባለውን ማንም አላነሳልንም ነበር። ያቀረቡልን ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሙሉ ግንብ ወይ ምንም።

ከልደታ፣ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለሁ፦

ሰላም እህታችን። ማመልከቻው ላይ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚል ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሚለው ሊታሰብ የማይችልንና ሥራውን ፈጽሞ የሚከለክልን ነገር ነው። አንቀጽ 1793 ከዘረዘራቸው ምሳሌዎች አንዱ የመንግሥት ክልከላ ነው። እዚህ ግን አልሚውን አትሥራ ያለው የለም። የጎረቤቱ ማመልከቻ መልስ አለማግኘቱ ክልከላ ሊባል አይችልም። ድርብ ወጪ ያስወጣኛል ካለ ደግሞ አንቀጽ 1764 አለ፤ ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውል አይቀርም።

ስለዚህ ማዘግየቱን እንደ መብቱ አድርጎ ሊጠይቅ አይችልም። ክፍለ ከተማው ከፈቀደለት የሚፈቅድለት በሁኔታ ነው። ሁኔታዎቹ ላይ ነው ድምፃችሁ የሚያስፈልገው።

እናንተ የውሉ ተዋዋይ ስላልሆናችሁ አስተያየታችሁን ከራሳችሁ መብት ጋር አያይዙት። አንቀጽ 1225 ባለቤት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል። የግድግዳውንና የግቢውን ፎቶ ቀን እንዲታይበት አድርጋችሁ አሁኑኑ አንሱ። ነገ ጉዳት ቢደርስ «ቤቱ ዱሮም የተሰነጠቀ ነው» መባሉ አይቀርም።

የሊዝ ውሉንም አትርሱ። በሊዝ አዋጅ 721/2004 የተፈረመ ውል የግንባታ ማጠናቀቂያ ጊዜ አለው፤ እንደ ግንባታው መጠን እስከ 24፣ እስከ 36 ወይም እስከ 48 ወር። ማዘግየቱን የሚፈቅደው ደብዳቤ ይሄ ጊዜ መቁጠሩን እንደማያቆም በግልጽ ካልተናገረ የግንቡ መዘግየት ሌላ ማራዘሚያ መጠየቂያ ይሆናል።

ትልቁ መያዣ የመጠቀሚያ ፈቃዱ ነው። በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ 624 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንጻ በምድብ ሐ መድቦታል። ምድብ ሐ ደግሞ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ ሰው አይገባበትም። ግንቡ ሳያልቅ ፈቃዱ እንዳይሰጥ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ቤት የገዛሁ፦

ይቅርታ፣ እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ። በዚህ ሕንጻ ባይሆንም እንዲህ ያለ ሕንጻ ላይ ቤት ገዝቻለሁ። የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲታገድ የሚጎዳው አልሚው ብቻ አይደለም። እኔ በአንድ በኩል የቤት ኪራይ፣ በሌላ በኩል የባንክ ብድር እከፍላለሁ። የኛ አልሚ ገንዘቡን ከሰበሰበ ቆይቷል። ፈቃዱ ቢዘገይ እሱ ምን ይሆናል? «ያዙት፣ አትልቀቁት» ከማለታችሁ በፊት እኛንም አስቡን።

የካዛንቺሷ፦

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ እውነትሽን ነው ወይም እውነትህን ነው። ይሄን አላሰብኩበትም ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሁላችንም በየራሳችን ጭቃ ውስጥ ነንና። የሰው ቤት እንዲዘጋ ፍላጎት የለኝም። ጠበቃው ወንድማችን፣ ገዢውም ሳይጉላላ እኛም ሳንጎዳ የሚሆንበት መንገድ የለም?

ከልደታ፣ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለሁ፦

አለ፣ የባንክ ጋራንቲ ነው። አልሚው የግንቡንና የመንገዱን ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ዋስትና በክፍለ ከተማው ስም ያስይዝ። ዋስትናው ቅድመ ሁኔታ የሌለበት ይሁን። ክፍለ ከተማው «አልሠራም» ብሎ በጻፈ ጊዜ ባንኩ ይከፍላል። ያን ካስያዘ ገዢው ቢገባ አልቃወምም፤ ግንቡን የሚያሠራ ገንዘብ ተቀምጧልና።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ጋራንቲ የራሱ ማብቂያ ቀን አለው። ከማዘግየቱ ጊዜ ቀድሞ ካበቃ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ ተራ ወረቀት ነው የሚሆነው። ቢያንስ ስድስት ወር ተጨማሪ ይኑረው። ወጪውንም አልሚው ራሱ እንዳይገምት፣ ባለሙያ ይገምተው።

ቤት የገዛሁ፦

በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ጋራንቲው እኛንም ይጠብቀናል። መንገድ የሌለው አፓርታማ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ምን ያደርጋል? እሳት ቢነሳ መኪናው በየት ይገባል?

የካዛንቺሷ፦

ከጎረቤቶቼ ጋር ተመካክረን የሚከተለውን ልናስገባ ነው። የጎደለ ካለ ንገሩኝ።

«የጀርባው መንገድ ቢዘገይ አንቃወምም። መዘግየቱ ግን የተቆረጠ ቀን ይኑረው። እስከዚያ ቀን የጎረቤቱ መሬት ጉዳይ ባይወሰን ወይም ውድቅ ቢሆን አልሚው በመጀመሪያው ፕላን መሠረት ይሥራ። ቋሚው የድጋፍ ግንብ ቦታው እስኪወሰን ጋቢዮንና የውሃ ቦይ ከሰኔ 1 በፊት በወሰናችን በኩል ይሠራ፣ በክረምቱም አልሚው እየጠረገ ያቆየው። ለግንቡና ለመንገዱ ሙሉ ወጪ የባንክ ዋስትና ይያዝ። የሊዝ ውሉ የግንባታ ጊዜ በዚህ ምክንያት እንዳይራዘም በደብዳቤው ይገለጽ። የውሳኔው ግልባጭ ለነዋሪዎች ይሰጠን።»

ግልባጩን ያስገባነው ጎረቤታችን እናት ስላሳሰቡን ነው። «በእጃችን ወረቀት ከሌለ በማግስቱ ማን ያውቀናል?» አሉ።

ሳይት ላይ የዋለ፦

ጥሩ ነው። ቦዩ ውሃውን የት እንደሚያደርስ ጨምሩበት። «ቦይ ይሠራ» ብቻ ካላችሁ ከናንተ አዙረው ታች ያሉት ጎረቤቶች ግቢ ውስጥ ይለቁታል። «ወደ መንገዱ የጎርፍ መስመር» ብላችሁ ጻፉ። መስመሩ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ንብረት ነው፤ አልሚው ከነሱ የማገናኛ ፈቃድ ያምጣ። አንዳንዱ ኮንትራክተር ቀረብ ያለውን ማንሆል ከፍቶ የዝናቡን ውሃ ፍሳሽ መስመር ውስጥ ይለቀዋል። በሐምሌ ያ መስመር ሲሞላ በየመጸዳጃ ቤታችሁ ነው የሚመለሰው። ሲያገናኙ አንድ ሰው ቆሞ ይይ፣ ክዳኑ ሲነሳም ፎቶ ያንሳ።