ኮሮላዬ ኮብልስቶን ላይ ኳ ኳ ትላለች፤ ሾኩን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልቀይር?

ጥያቄ (ባለ ኮሮላ፣ አያት)
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2003 ኮሮላ ናት። ከአስፋልት ወርጄ የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስሄድ ከፊት በቀኝ በኩል ኳ ኳ ትላለች። አስፋልት ላይ ዝም ነው። አንድ ጋራዥ ምንም ሳይፈታ «አራቱም ሾክ አብዞርበር ይቀየር» አለኝ፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ክሪክና የቁልፍ ስብስብ አለኝ። ሞላውን በሽቦ አስሮ ሾኩን መፍታት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ (የጋራዥ ሰው)
ልጄ፣ ሽቦውን እርሳው። በሾኩ አናት መሐል ላይ ያለችው ዳዶ ሞላውን አፍና የያዘች ናት። ሞላው በማመቂያ ሳይታመቅ እሷን ከፈታሃት እንደ ጥይት ይወጣል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሦስት ጥርሶቹን ያጣው በዚህ ነው። አንተ ኮፈኑን ከፍተህ በዙሪያዋ ያሉትን ሦስቱን ዳዶዎች ብቻ ፍታ፤ የፍሬኑን ቱቦ፣ የኤቢኤሱን ሽቦና ወደ ስታቢላይዘሩ (የግራና የቀኝ ጎማን ወደሚያያይዘው ብረት) የሚወርደውን ቀጭን ዘንግ ከሾኩ ላይ አላቅቅ፤ ከዚያ ከታች ያሉትን ሁለት ትልልቅ ብሎኖች አውጣ። ሾኩ ከነሞላው ይወጣል። ተሸክመህ ወደ ጋራዥ ውሰደውና ሞላውን ወደ አዲሱ ሾክ እነሱ ያዛውሩልህ። ገጥመህ ስትጨርስ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠራ።

መልስ (የታክሲ ሹፌር)
ከመፍታቱ በፊት ግን ሾኩ መሆኑን በምን አወቅህ? በዝግታ ስትሄድ ትንንሽ ጉብታ ላይ ብቻ የሚያንኳኳ አብዛኛውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ከሾኩ ወደ ስታቢላይዘሩ የሚወርደው፣ በሁለቱም ጫፉ ኳስ ያለበት ቀጭን ዘንግ ነው። ጎማውን አውልቀህ በእጅህ ነቅንቀው። ደህና ከሆነ ጠንካራ ነው፤ ካለቀ ይወዛወዛል። ሶማሌ ተራ ከሾክ እጅግ ባነሰ ዋጋ ታገኘዋለህ። ዳዶውን ስትፈታ ኳሱ አብሮ ይዞርብሃል፤ ጫፉ ላይ ባለችው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ቁልፍ አስገብተህ ያዘው።

መልስ (እናት ሹፌር፣ አዳማ)
እኔም ባለፈው ዓመት ከወንድሜ ጋር ሆነን ሊንኩን ቀይረነዋል። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች አንሱ፤ አንዱ ብቻ ከተነሣ ዘንጉ ተወጥሮ አልወጣም ይላል። እባክህ በክሪክ ብቻ ተማምነህ ከሥር እንዳትገባ። ድንጋይ ወይም ብሎኬትም አትደግፍበት፤ ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። የብረት መቆሚያ ተከራይ፤ የኋላውን ጎማ በሁለት በኩል ሽብልቅ አድርግበት፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳብ።

ባለ ኮሮላ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼ፣ ከሽቦው አድነውኛል። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። የቀኙ ሊንክ የላይኛው ላስቲክ ተቀዶ ግሪሱ ደርቋል፤ በሁለት ጣቴ ስነካው ይወዛወዛል። ዳዶው ዝጎ ግማሽ ሰዓት አስለፋኝ። የሁለቱንም ጎን ሊንክ ቀየርኩ፤ ኮብልስቶኑ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ድምፁ ጠፍቷል። አንድ ነገር ግን አየሁ፤ የግራው ሾክ ላይ ላብ የመሰለ ዘይት አለ። ይቀየር?

መልስ (የጋራዥ ሰው)
በጨርቅ ጥረገውና ከሳምንት በኋላ ተመልከተው። ላብ ብቻ ከሆነ ተወው። ዘይቱ ወርዶ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይም መኪናዋን ከፊት ተጭነህ ስትለቃት ደጋግማ የምትዘል ከሆነ አልቋል። ያን ጊዜ የቀኙም አብሮ ይቀየር፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ አድርገህ እንዳትነዳ።