ነገ ጠዋት ለሁለተኛ ክፍል ቪዲዮ ላሳይ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን አንድም ገጽ አልከፍት አለ

የሁለተኛ ክፍል መምህርት (ረቡዕ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 10፡15)
ሰላም ለሁላችሁ። በናታችሁ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ። ነገ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ለልጆቼ የቢራቢሮን እድገት በቪዲዮ ላሳያቸው ነው። ፕሮጀክተሩን ከጉድኝት ማዕከሉ የተዋስነው ለነገ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤቱ ነው። ኢንተርኔቱን ከስልኬ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቻለሁ። ስልኬ ላይ ሁሉም ነገር ይከፍታል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ጎግልም ዩቲዩብም «ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት» (ግንኙነትሽ የተጠበቀ አይደለም) እያለ ቀይ ምልክት ያወጣል። ፓኬጅ ዛሬ ነው የሞላሁት። የኮምፒውተር መምህር የለንም። ዘበኛው 12 ሰዓት ላይ ክፍሉን ይዘጋሉ። ምን ላድርግ?

ባለ ሱቁ (10፡19)
አጥፍተሽ አብሪው። የእኔ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሌ እንደዚያ ነው የሚስተካከለው።

ሳሚ ኔት (10፡21)
የክሮሙን ካሽ፣ ማለትም ካየሻቸው ገጾች ያስቀመጠውን፣ አጥፊ። ሴቲንግ ግቢ፣ ፕራይቬሲ የሚለውን ክፈቺ፣ ክሊር ብራውዚንግ ዳታ በይ። ካልሆነ በፋየርፎክስ ሞክሪ።

የቤዛ አባት (10፡26)
መምህርት፣ ድካምሽን አከብራለሁ። ግን ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ልጆቻችን ቤት ውስጥ ከስልክ ላይ አልነሳ ብለዋል፤ አሁን ደግሞ ክፍል ውስጥም ሊጨመርላቸው ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ትንንሽ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት መቀመጥ የለባቸውም ብሏል። እኔ ለልጄ የእንስሳት ቪዲዮ ከፍቼላት እንግዳ ልሸኝ ወጣሁ። ስመለስ ጨርሶ የማላውቀው ነገር ላይ ደርሳለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይከፈታል፣ እሱ ሲያልቅ ደግሞ ሌላው። ልጅ መምረጥ አይችልም፤ የመጣለትን ነው የሚያየው። መምህራን ይህን ነገር ልታስቡበት ይገባል።

የሁለት ልጆች እናት (10፡31)
የቤዛ አባት፣ ያ ምክር ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ 8 ዓመት ገደማ ነው። እሷ የምታሳየው ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ያውም አጠገባቸው ቆማ እያስረዳች። ብቻውን ስልክ ይዞ ከሚቀመጥ ልጅ ጋር አንድ አይደለም።
ራሱ ስለሚከፈተው ግን ልክ ብለሃል። መምህርት፣ ዩቲዩቡ ሲከፈትልሽ ቪዲዮው ላይ ታች በኩል አውቶፕሌይ የሚባል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። አጥፊው።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት (10፡34)
ካሹን አጠፋሁ። ፋየርፎክስም ያው ነው። አጥፍቼም አበራሁት። ሲነሳ «ፕሬስ ኤፍ1» አለ፣ ነካሁትና ቀጠለ። እሱን ሁሌም ስለሚል ነው ያልጻፍኩት። የስክሪኑን ጉዳይ ነገ እንወያይበታለን፤ አሁን እባካችሁ ይከፈትልኝ።

ወጣቱ (10፡36)
አድቫንስድ የሚለውን ንኪ፣ ከዚያ ፕሮሲድ በይና እለፊው። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጠጋኙ (10፡41)
ወንድሜ፣ ይህን አትምከር። ማስጠንቀቂያው የእውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ገጽ ላይ ቢመጣና ሰው ማለፍ ቢለምድ ሊዘረፍ ይችላል። ደግሞ ጎግልና ዩቲዩብ ማለፊያውን ጭራሽ አይሰጡም።
መምህርት፣ ሁለት ነገር ጻፊልኝ። ከቀዩ ምልክት በታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ምን ይላል? በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ታች ያለው ቀንና ሰዓትስ?

ጡረተኛው መምህር (10፡44)
ልጄ፣ ለቢራቢሮ ኢንተርኔት ምን ያደርጋል? እናንተ አገር የሎሚ ዛፍ አይጠፋም። ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርገሽ እዪ። ትንሹ እጭ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ነው የሚመስለው፤ ዓይንሽ ያልፈዋል። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ በቀጭን ስንጥር ቀስ ብለሽ ጀርባውን ንኪው። ከራሱ ኋላ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታም ይለቃል። ልጆች ያን ቀንድ ካዩ አይረሱትም። ከነቅርንጫፉ ቆርጠሽ አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ አድርጊው፣ አፉን በሻሽ እሰሪው፣ በየቀኑ ትኩስ የሎሚ ቅጠል ጨምሪለት። ሙሽሬ ሲሆን፣ ማለትም ሽፋን ውስጥ ሲሆን፣ ራሱን በክር ቅርንጫፉ ላይ ያስራል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ይህ መብራት አይፈልግ፣ ፓኬጅ አይፈልግ። ልጅ በእጁ የነካውን ነው የሚያውቀው።

ባለ ሱቁ (10፡47)
ጋሼ፣ ነገ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው እኮ ያለችው! ትሉ እስኪያድግ ልጆቹ ሦስተኛ ክፍል ይገባሉ።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት (10፡52)
ጋሼ፣ አንቱ ያሉትን ትል ልጆቹ በደንብ ያውቁታል። ወላጆቻቸው ከሎሚው ላይ እየለቀሙ ሲጥሉት ያያሉ። የማያውቁት ከእሱ ቢራቢሮ እንደሚወጣ ነው። ባለፈው ዓመት በጠርሙስ ሞክሬው ነበር። ሽፋኑን ሰንጥቆ የወጣው እሑድ ዕለት ነው፤ ሰኞ ስንመጣ ያገኘነው ባዶ ሽፋን ነው። የተጨማደደው ክንፍ ቀስ እያለ ሲዘረጋ እንዲያዩ ነው ቪዲዮውን የፈለግሁት።
ለጠጋኙ፡ ከስር «ኔት ኢአርአር ሰርት ዴት ኢንቫሊድ» ይላል። ቀኑና ሰዓቱ ትክክል ነው። ጸሐፊያችን ጠዋት ጠዋት ታስተካክለዋለች። 2/12/2018 ይላል፣ ሰዓቱም ከእጅ ሰዓቴ ጋር አንድ ነው።

ሳሚ ኔት (10፡54)
ካሹን ስታጠፊ «ኦል ታይም» የሚለውን መርጠሻል? ካልመረጥሽ በደንብ አይጠፋም።

ጠጋኙ (10፡57)
ተገኘ! ካሹን ተዪው፣ ችግሩ ቀኑ ነው። ጸሐፊያችሁ የሞላችው የእኛን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 12፣ 2018 ለእኛ ልክ ነው፤ ዊንዶውስ ግን የሞላሽለትን ቀን የሚያነበው በፈረንጁ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያለው ከሰባት ዓመት በፊት ነው።
ለምን እንደሚከለክል ልንገርሽ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፍኬት አለው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ቀን አለበት። ኮምፒውተርሽ ዛሬ 2018 ነው ብሎ ስለሚያስብ የጎግል መታወቂያ የሚሠራበት ቀን ገና አልደረሰም። «ይህን አላምንም» ብሎ ይዘጋዋል። ስልክሽ ቀኑን ከኔትወርኩ ስለሚወስድ ነው ያልተቸገረው።
አሁን እንዲህ አድርጊ። ሰዓቱ ላይ የማውሱን ቀኝ ተጫኚ፣ «አጀስት ዴት ኤንድ ታይም» በይ። መጀመሪያ ታይም ዞኑን ናይሮቢ ያለበትን ምረጪ፣ የእኛም ሰዓት እሱ ነው፣ ፕላስ 3። ቀጥሎ ቀኑን ኦክቶበር 22፣ 2025 አድርጊው። ሰዓቱንም በፈረንጁ ሙዪ፤ አሁን ለእኛ 11 ሊሆን ነው፣ ለእሱ 5 ፒኤም ሊሆን ነው። ከዚያ ክሮሙን ሙሉ በሙሉ ዘግተሽ ክፈቺው። ሲከፈትልሽ «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ» የሚለውን አብሪው።

ወጣቱ (11፡02)
ኮምፒውተር ለምን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም? ይህ ራሱ ሊስተካከል የሚገባው ነገር ነው።

ጡረተኛው መምህር (11፡06)
ሰሌዳው ላይ የእኛ ይጻፋል። ልጆቹ የሚማሩትም እሱን ነው። ኮምፒውተሩ የራሱን ይያዝ።

የአንደኛ ደረጃ መምህር (11፡10)
እኔም ትንንሾቹን ነው የማስተምረው፣ በፕሮጀክተር ደጋግሜ አሳይቻለሁ። ቀኑ ከተስተካከለልሽ ዋናው ሥራ ገና ነው፤ ስለዚህ እስከ 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ ተጠቀሚበት።
ቪዲዮውን ዛሬ ራስሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዪው። ርዕሱ ቢራቢሮ የሚል ሆኖ መሐሉ ላይ ሌላ ነገር የሚያስገባ ሞልቷል። አጭሩን ምረጪ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ድምፁን ዝጊው። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ ከማየት ይልቅ «ምን አለ? ምን አለ?» ነው የሚሉሽ። አንቺ በአማርኛ ተርኪላቸው። እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ የሚሉትን ቃላት ሰሌዳ ላይ አስቀድመሽ ጻፊ፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ቪዲዮውን አቁመሽ ልጅ አስነሺና ቃሉን ያሳይሽ።
አንድ ቦታ ግን ረዘም አድርገሽ አቁሚ። ሙሽሬው ሊሰነጠቅ ሲል። «ከዚህ ውስጥ ምን ይወጣል?» በያቸው። አንዱ ትል ይላል፣ አንዱ ወፍ ይላል፣ አንዷ ምንም አይወጣም፣ ሞቷል ትላለች። ሁሉንም ስሚያቸው፣ አታርሚያቸው። ከዚያ ልቀቂው። በዚያች ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ጩኸት አንቺ ራስሽ ትወጂዋለሽ።
ማስታወቂያ እንዳይመጣብሽ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ክፈቺው፣ ማስታወቂያውን አሳልፈሽ መጀመሪያው ላይ አቁመሽ ጠብቂ። ሲያልቅ የሌሎች ቪዲዮዎች ምስል ስለሚደረደር ከማለቁ በፊት አቁሚው። ጥራቱን 360 ላይ አድርጊው፣ ፓኬጅሽ አያልቅም፣ አይቆራረጥብሽምም።
የተማሪው ቁጥር ስንት ነው?

የሁለተኛ ክፍል መምህርት (11፡13)
ከስልሳ በላይ። ቀኑን እየቀየርኩ ነው።

የአንደኛ ደረጃ መምህር (11፡17)
እንግዲያው ሁለት ቦታ ክፈያቸው። ግማሹ ሲያይ ግማሹ ውጪ ከሎሚው ዛፍ ሥር ትሉን ይፈልግ፣ ከዚያ ይለዋወጡ። አንድ መምህር እንዲያግዝሽ ዛሬውኑ ጠይቂ። የጋሼ ምክር ለዚህ በጣም ይጠቅማል። ልጆቹ ውጪ ያዩትን ትል ስክሪኑ ላይ ሲያዩት «የእኛ ትል!» ይላሉ። መስኮቱን የምትጋርጂበት ነገርም አዘጋጂ፤ ጠዋት ፀሐይ ከገባ ከኋላ ያለው ልጅ ምንም አያይም።

ጡረተኛው መምህር (11፡20)
ይህንንስ እኔም እደግፈዋለሁ። ስንጥሩ ስለት የሌለው ይሁን።

የሁለት ልጆች እናት (11፡24)
ለወደፊቱ ደግሞ በየጊዜው በስልክ ዳታ ከምትቸገሪ፣ ኢንተርኔት ባለበት ቀን አውርደሽ ማስቀመጥ ይሻላል። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። አንዴ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነና ትምህርቶቹ ከወረዱ ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያን ከነምስሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፣ የአማርኛውም አለ። ለንባብ ከፈለግሽ አፍሪካን ስቶሪቡክና ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ በሚባሉ ድረ ገጾች ላይ ለትንንሽ ልጆች የተጻፉ የአማርኛ ተረቶች በነጻ ይወርዳሉ። እኔ ለልጆቼ ፊደሉን ትልቅ አድርጌ አትሜላቸዋለሁ።

የቤዛ አባት (11፡28)
እንዲህ ከሆነ እኔም አልቃወምም። ቅድም ያነሳሁት ብቻውን የሚያየውን ልጅ አስቤ ነው። ያ ኮሊብሪ የተባለው ቤት ላለ ኮምፒውተርም ይሆናል?

የሁለት ልጆች እናት (11፡30)
ይሆናል። አንድሮይድ ስልክ ላይም ይጫናል።

ጠጋኙ (11፡41)
መምህርት፣ አንድ ነገር እንዳትረሺ። «ፕሬስ ኤፍ1» የሚለውና ቀኑ በየጠዋቱ የሚጠፋው ማዘርቦርዱ ላይ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስላለቀች ነው። ስለዚህ ዛሬ ያስተካከልሽው ማታ ከሶኬት ሲነቀል ይጠፋል። ነገ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ኦክቶበር 23፣ 2025 ብለሽ እንደገና ሙዪው። ለጸሐፊዋም አስረጂያት፣ ካለበለዚያ ጠዋት ቀድማ 2018 ታደርገዋለች።

ባለ ሱቁ (ሐሙስ ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 8፡05)
መምህርት፣ እንዴት ሆነ? ልጆቹ አዩ?

ሳሚ ኔት (8፡40)
ካሹን በደንብ ካጠፋችው ይከፈትላታል።

የጤና ጣቢያ ሠራተኛ (ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 9፡20)
እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ግን የእኛም መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይህንኑ ቀይ ምልክት እያወጣ ከከረመ ቆየ። ይህን አንብቤ ሳየው ቀኑ 2018 ነበር። 2025 ሳደርገው ወዲያው ተከፈተ። ያቺ ባትሪ የት ትገኛለች?

ጠጋኙ (9፡45)
ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት ሱቅ ወይም ሰዓት ጠጋኝ ጋ። ሲአር 2032 በላቸው፣ የሳንቲም ቅርጽ ነው ያላት። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለህ ክፈተው፣ አሮጌዋ እንዴት እንደተቀመጠች አስተውል። የመደመር ምልክት ያለበት ጎን ወደ ላይ ነው። ከቀየርክ በኋላ ቀኑን አንዴ ሙላው፣ ከዚያ ወዲያ ራሱ ይይዘዋል።