እሁድ ሥራ ገባሁ፤ ጸሎቴን ከየት ልጀምር?

ሌሊት ሠራተኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው ጥያቄዬ ስለ ወረቀትም ስለ ቤት ኪራይም አይደለም። ግን ሰላም የነሳኝ ጉዳይ ነው።

ከዲሲ ወደ አዮዋ ከመጣሁ ወዲህ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። አሁን ደግሞ ፕሮግራሙ ተቀየረና ቅዳሜ ሌሊትና እሁድ ተመደብኩ። ያለሁባት ከተማ ውስጥ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። ቅርብ የሚባለው እንኳ በመኪና ሰዓታት ይወስዳል። እሁድ ክፍት ሳለሁ እየነዳሁ እሄድ ነበር። አሁን እሱም ቀረ።

አገር ቤት እያለሁ ስለ ጸሎት ብዙም አስቤ አላውቅም። ቅዳሴው ከሩቅ ይሰማል፣ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች፣ እኔም እከተላለሁ። ዲሲም ቢሆን ሰዉ ይጎትተኝ ነበር። እዚህ የሚጎትተኝ የለም። የዘወትር ጸሎት መጽሐፌን እከፍታለሁ። አፌ ያነባል፣ ልቤ ግን የታካሚዎቹ መድኃኒት ላይ ነው። በስልክ ቅዳሴ እከፍታለሁ፤ እዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል።

እምነቴን አልተውኩም። የምፈልገው ማንም ሳያየኝ የማደርገው፣ የራሴ የምለው ልማድ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? እባካችሁ "ጸልዪ" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። እኔም ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ እዚህ ቦታ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ካልጸለይኩ አልጸለይኩም የሚለውን ሐሳብ ከላይሽ አውርጂ።

ውዳሴ ማርያም እኮ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለው ሰው በየቀኑ ድርሻውን እንዲይዝ ነው። ዳዊትም እንደዚያው። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ ተከፍሏል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ ሳምንቱን የሚዘልቁ አሉ። ለቻለ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አልቻልኩም። አንድ መዝሙር ብቻ ያዝኩ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ መኪናው ውስጥ ጮክ ብዬ አነባለሁ። በዓይን ብቻ ሳነብ ሐሳቤ ይበተናል። የገዛ ድምፄን ስሰማ ግን እመለሳለሁ። ከመኪናው ሳልወርድ ያቺን ካልጨረስኩ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም።

ደግሞ የሌሊት ሥራሽን እንደ እንቅፋት አትይው። አባቶቻችን "በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ" የሚለውን ይዘው ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርተውልናል፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። እኛ በመንፈቀ ሌሊት ለመነሣት ከእንቅልፍ ጋር እንታገላለን። አንቺ ያኔ ነቅተሻል። ጳውሎስና ሲላስ በወኅኒ ቤት ሆነው የጸለዩት በዚያ ሰዓት ነው (ሐዋ. 16፥25)። ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም፣ እግራቸውም በግንድ ተጠርቆ ነበር።

ሕግ ተማሪ፦
ይቅርታ፣ ዋናው ነገር የታለፈ ስለመሰለኝ ነው። እሁድ የግድ መሥራት አለባት ወይ?

የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል ሰቨን የሚባል ክፍል አለው። 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ግዴታ ማስተናገድ አለበት፤ ሥራው ላይ ከባድ ጫና ካላመጣ በስተቀር። ከባድ ጫና ማለት ምን እንደሆነ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 (እ.ኤ.አ.) አጥብቆታል። ጉዳዩ እሁድ አልሠራም ያለ ግሮፍ የሚባል የፖስታ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ በፊት ቀጣሪው ትንሽ ወጪ ማሳየቱ ይበቃዋል ተብሎ ይሠራበት ነበር። አሁን ከሥራው አንጻር ወጪው በእርግጥ ከፍተኛ መሆኑን ማሳየት አለበት።

ስለዚህ በቃል አትጠይቂ። በኢሜይል ጻፊ። ምክንያቱ ሃይማኖት መሆኑን በግልጽ አስቀምጪ። መፍትሔም አብረሽ አቅርቢ፤ ለምሳሌ ፈረቃ ሊለዋወጥሽ የተስማማ ሰው ካለ ስሙን ጥቀሺ። ቅጂውን ያዢ። እምቢ ካሉሽ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ180 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይቻላል። የራሳቸው ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ባላቸው ግዛቶች 300 ቀን ነው። ጊዜው ካለፈ ግን እውነት ቢኖርሽም ይከብድሻል። ለገናም ለጥምቀትም ይኸው ነው። ጃንዋሪ 7 እና 19 በአዘቦት ቀን ሲውሉ ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ "አይሰጡኝም" ብለን ሥራ እንገባለን።

ሌሊት ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ይህን ሕግ አላውቀውም ነበር፤ እጽፍላቸዋለሁ። ግን እሁድ ቢሰጡኝም ሰኞ እስከ ቅዳሜ አለ። ጥያቄዬ ስለ እነዚያ ቀናት ነው።

አቡ ሐናን፦
ሰላም እህቴ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የምነግርሽም ከራሴ ቤት ነው። መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ፈጅር፣ ዙህር፣ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ፤ አምስቱም ሶላቶች ስሜቴን አይጠብቁም። ሰዓቱ ይደርሳል፣ እቆማለሁ። ብዙ ቀን ልቤ ከሰውነቴ በኋላ ነው የሚደርሰው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ሳይደርስ እጨርሳለሁ። በማግስቱ ግን እመለሳለሁ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ከሥራ ሁሉ ተወዳጁ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው ነው ብለዋል። ይህ ሐዲስ ነው ያኖረኝ። ልቤ እስኪሞቅ ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን ትቼው ነበር። ስለዚህ ትንሽ ያዢ፤ ሰዓት ስጪው፤ ከሰዓቱ አትነቃነቂ።

ዝምታ፦
እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ቃል ከደረቀብሽ ለጥቂት ጊዜ መጽሐፉን ዝጊውና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ትንፋሽሽን ብቻ እያዳመጥሽ። እኔ ከከባድ ሐዘን በኋላ ሜዲቴሽን የጀመርኩት አእምሮዬ ስላላረፈ ነው። ብዙ ረድቶኛል። ስናወራ ብቻ ነው እግዚአብሔር የሚሰማን ያለው ማነው?

የሰንበት ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሐዘንህ እግዚአብሔር ያጽናህ። ግን መጽሐፉን ዝጊው የሚለው ምክር አስደንግጦኛል። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን ሲሆን የመጨረሻ መያዣውን እንዲለቅ አይመከርም። ዝምታም አጭር ጸሎትም የራሳችን አለን፤ ሌላ ቦታ መፈለግ ለምን አስፈለገ?

እህቴ፣ መቁጠሪያ ያዢ። 41 ጊዜ "እግዚኦ ተሠሃለነ" (አቤቱ ይቅር በለን) ማለት መጽሐፍም መብራትም አይጠይቅም። የምትችይ ከሆነ ስግደት ጨምሪበት፤ ሰውነት ሲደክም ሐሳብ ይሰበሰባል። ቅዳሜና እሁድ፣ እንዲሁም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት እንደማይሰገድ አትርሺ። ከሁሉ በፊት ግን የንስሐ አባትሽ ጋ ደውዪ። ሥራሽን፣ ሰዓትሽን፣ ድካምሽን ነግረሽ እሳቸው ልክሽን ይስጡሽ። የራሴ የምትዪው ልማድ ብቻሽን የምትፈጥሪው መሆን የለበትም።

ዝምታ፦
እምነቷን ትተው አላልኩም። ደረቀብኝ ያለችን ሰው በደረቀባት ላይ ጨምሪበት ማለት ግን ይከብደኛል። ስለ ንስሐ አባት ያልሽው ትክክል ነው፤ እሱን እቀበላለሁ።

የዲሲ ሹፌር፦
ልጆቼ፣ እኔ እንደ እናንተ አልተማርኩም። ግን ዕድሜዬን እዚህ ጨርሻለሁና ልናገር።

መዝሙር 136ን ታውቁታላችሁ፤ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱት። አገር ቤት ሳለሁ ስሰማው የሌሎች ሰዎች ታሪክ ይመስለኝ ነበር። እዚህ በሌሊት ስነዳ ነው የገባኝ። በተለይ በክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይናፍቀኛል። እዚህም ይዘንባል፤ ግን ያ አይደለም።

የእኔ ጸሎት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። በወር በወር ሐዋላ ከመላኬ በፊት ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን ስም እጠራለሁ። የእናቴን፣ የእኅቴን ልጆች፣ ዓይኑን የታመመውን የአክስቴን ልጅ። "ይህን ባርክላቸው" እላለሁ፤ ከዚያ እልካለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ የምከርምበት ጊዜ አለ። ይህችን ግን ዘልያት አላውቅም። ዘንድሮ የተቸገርኩት የሰፈራችን አጥቢያ ለጣሪያ ቆርቆሮ ላክ ሲለኝ፣ የእኅቴ ልጅም ለኮሌጅ ክፍያ ስትለኝ ነው። ለሁለቱም አይበቃኝም።

የሰንበት ተማሪ፦
ጋሼ፣ ያሉት ልብ ይነካል። ግን ምጽዋት ምጽዋት ነው፣ ጸሎት ጸሎት ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ከሁለቱ ደግሞ የእግዚአብሔር ቤት ይቅደም እላለሁ። አሥራት እኮ ትዕዛዝ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ጌታ በማርቆስ 7 የወቀሳቸው እነማንን ነው? ለአባትና ለእናት የሚገባውን "ቁርባን ነው" (ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው) እያሉ የነፈጉትን አይደለም? የልጅቷ ትምህርት ዘንድሮ ካለፈ አለፈ። ጣሪያው በብዙ ሰው ይሠራል።

አቡ ሐናን፦
በእኛም ለዘመድ የሚሰጥ ሶደቃ (ምጽዋት) ሁለት ነው ይባላል፤ ሶደቃም ነው፣ ዝምድናን መቀጠልም ነው። ጋሼ ስም እየጠሩ መላካቸው ግን ከገንዘቡ በላይ ነው የገባኝ።

ደክሞኛል፦
ሁላችሁም ስለ መስጠት ታወራላችሁ። ስለሚሰጠው ሰው ማን ያውራ? እኔ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ደረቴ ይጨንቀኛል። "እንዴት ነሽ?" የሚለኝ የለም። ሠርግ፣ ተዝካር፣ ሕክምና፣ የመኪና ቅድሚያ ክፍያ። ሁለት ሥራ ሠርቼ ልኬ፣ ባንኩ ባዶ ሆኖ ጸሎት ላይ ስቆም የሚመጣልኝ ምሬት ብቻ ነው። እኔ ለመጸለይ መጀመሪያ እምቢ ማለት መማር ነበረብኝ። ይህን ስል ክፉ ተባልኩ። ቢሆንም ዛሬም እለዋለሁ።

የዲሲ ሹፌር፦
ልጄ፣ ክፉ አይደለሽም። ግን እነሱ እኛ ምን እንደምንሠራ አያውቁም። እኛም አንነግራቸውም። ፎቶ የምንልከው ደህና ልብስ ለብሰን ነው።

ደክሞኛል፦
እኔ ነግሬያቸዋለሁ ጋሼ። አላመኑኝም።

ሕግ ተማሪ፦
ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጨምር። ለግለሰብ የተላከ ገንዘብ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ከታክስ ላይ እንደ ልገሳ አይቀነስም። አገር ቤት ላለ አጥቢያ በቀጥታ የተላከም በአብዛኛው እንደዚያው ነው። እዚህ ለተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ግን ደረሰኝ ካለው ሊቆጠር ይችላል። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ጠይቁ።

ሌሊት ሠራተኛ፦
ሁሉንም አነበብኩ። ከጋሼና ከአቡ ሐናን የሰማሁትን ሞክሬዋለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ዕረፍት ስወጣ አዲስ አበባ ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። እናቴ ዳዊቷን የምትደግምበት ሰዓት መሆኑ እስከ ዛሬ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አንድ መዝሙር አነበብኩ፣ ከዚያ በክፍሎቹ ያሉትን አረጋውያን ስም በየተራ ጠራሁ። ልቤ ሞቀ አልልም። ግን አልተበተነም። ለንስሐ አባቴ እስካሁን አልደወልኩም፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ይጨንቀኛል። እሁድ ባይሰጡኝስ ለቁርባን እንዴት እዘጋጃለሁ? ይህን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

የሰንበት ተማሪ፦
እህቴ፣ እሱን በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ። ስለ አሥራቱ ግን ማርቆስ 7ን እዚህ ማምጣት ልክ አይመስለኝም። እዚያ የተወቀሰው ስጦታው አይደለም፤ ወላጅን ለመካድ ሰበብ ማድረጉ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። ጋሼ ወላጅ ሊክዱ አይደለም፤ የእኅታቸው ልጅ ትማር ነው።

ደክሞኛል፦
ጋሼ፣ የቆርቆሮውን ገንዘብ የሚረከበው ማነው? ኮሚቴ አለው ወይስ አንድ ሰው ነው የደወለልዎት?

የዲሲ ሹፌር፦
አንድ ሰው ነው የደወለው። የሰበካ ጉባኤው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላክልኝ ብዬዋለሁ። እስኪመጣ የልጅቷን የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት እከፍላለሁ።

የሰንበት ተማሪ፦
ደብዳቤው ከመጣ እኔም አንድ ጥቅል ቆርቆሮ እገዛለሁ ጋሼ። አሥራት የሚለውን ግን አልተውኩም።